ካሜራው ሲመለስ ይፈተሻል፤ ዘጋቢውስ?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ
ከጎንደር

የተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

አንድ የዜና ቡድን ለመስክ ሥራ ሲወጣ ካሜራው፣ ማይክሮፎኑና የድምፅ መቅረጫው በሞዴል 22 ተፈርሞባቸው ከንብረት ክፍል ይወጣሉ። ቡድኑ ሲመለስ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙሮ ጭረት እንዳለበት ያያል፣ ባትሪዎቹን ይቆጥራል፣ የማይክሮፎኑ ገመድ አለመበጠሱን ይፈትሻል፣ ከዚያ በኋላ ነው ዕቃውን የሚረከበው። በጎንደር ከተማ በሬዲዮ ዘጋቢነትና በዜና አርታኢነት ባገለገልኩባቸው 16 ዓመታት ይህ ሥርዓት አንድም ቀን ሲጓደል አላየሁም። ካሜራውን ተሸክሞ የሄደውን፣ መኪናውን የነዳውን፣ ማይክሮፎኑን ዘርግቶ የሰው ሰቆቃ የሰማውን ባለሙያ ግን "አንተስ እንዴት ተመለስክ?" ብሎ የሚጠይቅ ቅጽም ሆነ ኃላፊ በዚያ ሁሉ ዘመን አላጋጠመኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ስለዚህ ጉድለት ነው። ዘጋቢው በሥራ ላይ ሳለ ያየውና የሰማው ነገር የሥራው አንድ ክፍል ስለ ሆነ፣ እንደ ማናቸውም የሥራ ላይ ጉዳት አሠሪው አስቀድሞ ሊከላከለው፣ ሲደርስም ሊያሳክመው ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደማምን ደግሞ ከራሴ ጀምሬ ላስረዳ።

ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት በዐፄ ፋሲል መጠመቂያ ለቀጥታ ሥርጭት ተመድቤ ነበር። በዓሉ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ ስለ ሰፈረ፣ ከእኛ መካከል ለዚያ ቀን ያልተዘጋጀ፣ ለዚያ ቀን ያልጓጓ አልነበረም። ለተመልካች ከእንጨት የተሠራው መቀመጫ ሲደረመስ ማይክሮፎኔ ክፍት ነበር። ቢያንስ 10 ሰዎች የሞቱበትና በርካቶች የቆሰሉበት ያ አደጋ በወቅቱ ስለ ተዘገበ እዚህ አልደግመውም። ልናገር የምፈልገው ከዚያ በኋላ ስለ ሆነው ነው። በጆሮ ማዳመጫዬ ከስቱዲዮ የመጣልኝ ቃል "እንዳታቋርጪ" የሚል ነበርና አላቋረጥኩም። ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ደጃፍ ቆሜ የሟቾችንና የቁስለኞችን ቁጥር ስጠይቅ ዋልኩ፣ ማታ ዜናውን አነበብኩ፣ በማግስቱ ደግሞ የቅዱስ ሚካኤልን ታቦት የሚሸኘውን ሕዝብ ተከትዬ እልልታውን ቀረጽኩ። የመደበኝ አርታኢ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እርሱም በእነዚያ ሁለት ቀናት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም፣ እርሱንም የጠየቀው ሰው የለም።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በሰፈሬ ሕንፃ ከሚሠራበት ቦታ ከመኪና ላይ አጠና ሲራገፍ ሰማሁና ዘንቢሌን ጥዬ ሮጥኩ። ሠራተኞቹ ሌባ ያሯሯጠኝ መስሏቸው ተከተሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ እየነቃሁ እስኪነጋ መቀመጥ ልማዴ ሆነ፤ በቤት ውስጥም ልጆቼ በር ባላተሙ ቁጥር እቆጣቸው ጀመር። የበዓል ስምሪት ሲወጣ ሰበብ እየፈለግሁ እቀር ነበር፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ጥምቀት ሲቃረብ የዓመት ፈቃድ የምሞላው እኔ ነበርኩ። እነዚህ ነገሮች እርስ በርሳቸው የተያያዙ መሆናቸውን የነገረኝ አልነበረም። እኔ የመሰለኝ ስንፍና እንደ ተጠናወተኝ ነበር፤ ከዚያም አልፎ እምነቴ የቀዘቀዘ መስሎኝ ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ እርሳቸውም ጸሎት አዝዘው ሲያበቁ "ልጄ፣ ይህ ነገር ሐኪምም ይፈልጋል" አሉኝ። ከሥራ ቦታዬ ሳይሆን ከእርሳቸው ይህን ቃል መስማቴን እስከ ዛሬ አልረሳም።

የሕክምናው ዓለም ለዚህ ስም ካወጣለት ቆይቷል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ድኅረ አደጋ ሰቀቀንን በሕመሞች መመሪያው ውስጥ ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ያዩት ነገር ሳይጠሩት በቅዠትም በቁምም እየተመለሰ ይመጣል፤ ያንን ከሚያስታውስ ሰው፣ ቦታና ወሬ መሸሽ ይከተላል፤ ስሜት ይደነዝዛል፣ በራስና በሰው ላይ ያለው እምነት ይጨልማል፤ ሰውነት ደግሞ አደጋው አሁንም በደጅ እንዳለ ሁሉ ዘወትር ተወጥሮ ያድራል። እነዚህ ምልክቶች ከአንድ ክፉ ቀን በኋላ ባሉት ቀናት ቢታዩ ሰው ከመሆን የሚመጡ ናቸው፤ በአብዛኛው ሰው ላይም በራሳቸው ጊዜ እየቀለሉ ይሄዳሉ። ሐኪም በሕመም ስም የሚጠራቸው ከአንድ ወር በላይ ሲቆዩና ኑሮንና ሥራን ሲያውኩ ነው።

በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪም የሆኑት አንቶኒ ፋይንስታይን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት 140 የጦርነት ዘጋቢዎችን ጦርነት ዘግበው ከማያውቁ 107 የሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር አነጻጽረው ነበር። ከጦርነት ዘጋቢዎቹ 28.6 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው በአንድ ወቅት በዚህ ሕመም ተይዘው እንደ ነበር አገኙ፤ የመጠጥ ልማዳቸውም ከሌሎቹ የበረታ ነበር። ከ10 ዘጋቢ ሰባቱ ያህል በዚህ ሕመም አለመያዛቸው የሰው ልጅ ምን ያህል ጽናት እንዳለው ያሳያልና፣ ሙያው የገባበትን ሁሉ ያሳብዳል የሚል ሰው ቢኖር አልስማማም። ሆኖም የጥናቱ ተሳታፊዎች ለትልልቅ የዜና ተቋማት የሚሠሩ፣ ብዙዎቹም ዘግበው ሲያበቁ አውሮፕላን ተሳፍረው ጥይት ወደማይሰማበት አገር የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። የጎንደር ዘጋቢ ዜናውን ልኮ በባጃጅ ወደ ማራኪ ወይም ወደ አዘዞ ነው የሚመለሰው። የዘገበው ሟች የጎረቤቱ የእህት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ቃለ መጠይቅ ያደረገላት እናት በማግስቱ ገበያ ላይ ታገኘውና "ያ የነገርኩህ ነገር ከምን ደረሰ?" ትለዋለች፣ እርሱም የሚመልሰው ያጣል። አንዱ ወገን የሌላው ሰላይ አድርጎ ሲያየው ሌላውም እንዲሁ ያየዋል። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ሲቆም እፎይ ልንል ስንል፣ ዓመት ሳይሞላ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። "ድኅረ አደጋ" የሚለው ስያሜ ራሱ አደጋው አልፏል ብሎ ነው የሚነሣው፤ ለእኛ ባልደረቦች ግን አንዱ ሳያልፍ ሌላው ሲተካ ነው ዓመታቱ የሄዱት። ስለዚህ ከውጭ የተገኘ እውቀት እንዳለ ሊገለበጥልን አይችልም፤ ቢሆንም ከምንም መጀመር አይኖርብንም።

በተለይ የሚያሳስበኝ ከቢሮ ሳይወጣ የሚጎዳው ሰው ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ከየአካባቢው በእጅ ስልክ የተቀረጸ ምስል በየሰዓቱ ወደ ዜና ክፍሎች ይጎርፍ ነበር። በአንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ክፍል ምስል አቀናባሪ የነበረ አንድ ወጣት የነገረኝን ላካፍልዎ። ሕዝብ እንዳያየው ተብሎ የሚቆረጠውን ምስል የሚቆርጠው እርሱ ነበር፤ የት ላይ እንደሚቆረጥ ለማወቅ ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየመለሰ፣ ድምፁን ከፍቶ፣ ፊቱ የሚደበዝዘውን ሰው ፊት አጉልቶ ደጋግሞ ማየት ነበረበት። ተመልካች 40 ሰከንድ የተስተካከለ ዜና ሲያይ፣ እርሱ ያልተስተካከለውን ሲያይ ውሎ ነው የሚያድረው። በዚያ ዓመት ለፋሲካ ቤት የታረደውን በግ ሥጋ አልቀምስም ሲል እናቱ ታመመ ብለው ደነገጡ፣ ምክንያቱን ግን ሊነግራቸው አልቻለም። ሥራ እንዲቀየርለት በጠየቀ ጊዜ ኃላፊው የመለሰለት "ግንባር የሄዱ ልጆች አሉ፤ አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ምን ሆንክ?" የሚል ነበር። ወጣቱ ዛሬ የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበረ ይኖራል፤ የዜና ሙያ አንድ ጎበዝ ባለሙያ አጥቷል።

ሳይንሱ የሚመሰክረው ለወጣቱ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የሕመሞች መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሻሻል፣ አሰቃቂ ነገርን በቴሌቪዥን ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ማየት ለዚህ ሕመም መነሻ ተደርጎ እንደማይቆጠር ከገለጸ በኋላ፣ እይታው ከሥራ ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን እንደሚቆጠር ለይቶ አስቀምጧል። እኒሁ ፋይንስታይን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ሌላ ጥናትም፣ ከሕዝብ የሚላኩ አሰቃቂ ምስሎችን በዜና ክፍል ውስጥ የሚመረምሩ 116 ጋዜጠኞችን ተመልክተው፣ ይበልጥ የሚጎዳው በአንድ ጊዜ የሚያዩበት የሰዓት ርዝመት ሳይሆን የሚያዩበት ጊዜ መደጋገም መሆኑን አግኝተዋል። ይህ ለአንድ የዜና ክፍል ኃላፊ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ከዜና ሁሉ ክፉውን ለአንድ ሰው በየቀኑ መስጠት እንደማይገባ፣ ሥራውም በተራ መሠራት እንዳለበት በግልጽ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1999 ተመሥርቶ በ2009 ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረው ዳርት የተባለው የጋዜጠኝነትና የአእምሮ ጉዳት ማዕከልም ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ቀላል ምክሮችን ሲያስተምር ቆይቷል። ድምፁ ለሥራው ካላስፈለገ ይዘጋ፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ከምስሉ ይልቅ አብሮ የሚያድረው ጩኸቱ ነው፤ ምስሉ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ይነስ፤ በፋይሉ ስም ላይ ውስጡ ምን እንዳለ ይጻፍ፣ ሌላው ባልደረባ ሳያውቅ እንዳይከፍተው፤ በመሐሉ እየተነሡ ደጅ ወጥቶ አየር መቀበል ይፈቀድ። ለዚህ ሁሉ የሚወጣ አንድ ብር የለም።

አሁን የራሴን በደል ልናገር። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ዳባትና ደባርቅ ከተሞች ከቀያቸው በተፈናቀሉ ወገኖች ተሞልተው፣ የትምህርት ቤት ክፍሎች መጠለያ ሆነው ሳለ ዳባት ሄጄ ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ ወንበሮች ከተደረደሩበት ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ያገኘኋቸው አንዲት እናት ልጃቸው እንዴት እንደ ሞተባቸው ነገሩኝ። ሲጨርሱ የመቅረጫውን ሚሞሪ ካርድ ብመለከተው ሞልቶ ኖሮ ከመካከል ጀምሮ አልቀረጸም። እኔም "እማማ፣ አልተቀረጸልኝምና እባክዎ እንደገና ይንገሩኝ" አልኳቸው። "እሺ ልጄ" ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ከመጀመሪያው ጀመሩ። እርሳቸው ሲናገሩ እኔ የማየው የድምፁን መጠን የሚያሳየውን መብራት ነበር፤ ዓይኔ ላይ አንድ ጠብታ ዕንባ አልነበረም፣ ልቤም ውስጥ ምንም አልነበረም። ወደ ጎንደር ስንመለስ ከበር ላይ ሆኖ ሲያዳምጥ የቆየው ሹፌራችን መሪውን እንደ ያዘ ዝም ብሎ ሲያለቅስ አይቼ ተገረምኩ። ያን ዕለት ራሴን ጠንካራ ባለሙያ አድርጌ ነበር የቆጠርኩት። መደንዘዝ ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቶ ነው፤ በዚያ መኪና ውስጥ ጤነኛው ሹፌሩ እንደ ነበር አሁን ይገባኛል። እኒያን እናት ዳግመኛ ያስለቀስኩት ጨካኝ ሆኜ ሳይሆን የሚሰማ ሰውነት ስላልቀረኝ ነው፤ ይሁንና ለእርሳቸው ልዩነት የለውም።

"ተፈናቃዩ ድንኳን አጥቶ ሳለ ስለ ጋዜጠኛ ጭንቀት ይወራል?" ለሚሉ ሰዎች የማቀርበው መልስም ይኸው ነው። ቅድሚያው ለተጎጂው ስለ መሆኑ የሚከራከር የለም። ነገር ግን ያ ተጎጂ ታሪኩን የሚነግረው ለአንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው የደነዘዘ ከሆነ ተጎጂው ዳግመኛ ይቆስላል፣ ያ ሰው የሚሸሽ ከሆነ ደግሞ ታሪኩ ሳይነገር ይቀራል። እኔ ራሴ ከዳባት በኋላ ሁለት ጊዜ ሊዘገብ የሚገባውን ጉዳይ "መረጃው አልተሟላም" ብዬ ያስቀረሁት መረጃው ጎድሎ አልነበረም፤ ሄጄ ለመስማት ስለ ፈራሁ ነበር። እነዚያ ሁለት ጉዳዮች እስከ ዛሬ በማንም አልተዘገቡም።

ሹፌሮችን ካነሣሁ አይቀር፣ በየትኛውም ሥልጠና ላይ ስማቸው የማይጠራ፣ ነገር ግን ዘጋቢው ያየውን ሁሉ የሚያዩ ሰዎች ናቸው። በየወረዳው ተቀምጠው በላኩት ዜና ብዛት ብቻ የሚከፈላቸው ወኪሎችም እንዲሁ ናቸው፤ ቋሚ ሠራተኛ ስላልሆኑ ሕክምናም ፈቃድም የላቸውም፣ ክፉ ዜና ሲደርስ ግን መጀመሪያ የሚደወለው ለእነርሱ ነው። የሚዘረጋ ሥርዓት ካለ እነዚህን ካላካተተ ግማሽ ነው።

ለዚህ ነገር የምንጠቀምበት የራሳችን ጥበብ እንዳለን አምናለሁ። በእኛ አገር መርዶ እንዲሁ በዘፈቀደ አይነገርም። ነገሩን የሰሙ ቤተ ዘመዶች ይመክራሉ፣ የሚነግር ሰው ይመረጣል፣ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ተሰብስበው ይሄዳሉ፣ መርዶ የሚነገረው ሰው እንዳይወድቅ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም፤ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እንጀራና ወጡን ይዞ ይመጣል፣ አልቃሽ የሟቹን ታሪክ በሙሾ እየጠራች የታፈነውን ዕንባ ታወጣዋለች፣ እስከ ሰልስት ሰው ከቤቱ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ መመሪያ ሦስት ተግባራትን መሠረት ያደርጋል፤ መመልከት፣ ማዳመጥና ከሚረዳ ጋር ማገናኘት። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የእናቶቻችን የለቅሶ ሥርዓት ነው ትዝ ያለኝ። ጋዜጠኛው ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። መርዶውን አንዳንዴ ከቤተሰቡ ቀድሞ፣ በስልክ፣ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ነው የሚሰማው፤ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ የለም፤ ለቅሶ ቤት ቢሄድም ድምፅ ቀርጾ ከዜናው ሰዓት በፊት ለመድረስ ከድንኳኑ ቀድሞ ይወጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት መርዶ ሰምቶ አንዱንም ተቀምጦ ያላለቀሰ ሰው ምን እንደሚሆን ለመገመት ሐኪም መሆን አያሻም። ባህላችን ሌላም ፊት አለው፤ "ሆድ ይፍጀው" የምንለው፣ "ወንድ ልጅ አያለቅስም" የምንለው እኛው ነን። ከዜና ሰዓት በኋላ በየመጠጥ ቤቱ የሚያልቀው የባልደረቦቼ ምሽት በአብዛኛው የዚህ ውጤት እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ እነርሱም ያውቃሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ማስታወስ አለብኝ። ከክፉ ስምሪት የተመለሰውን ቡድን በዚያው ቀን አዳራሽ ሰብስቦ "ያያችሁትን በየተራ በዝርዝር ተናገሩ" ማለት ርዳታ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ይህ ዓይነቱ አሠራር ሰቀቀንን ለመከላከል ሥራ ላይ እንዳይውል መክሯል። ማንም ሰው ሳይፈልግ እንዲናገር መገደድ የለበትም። የተሻለው መንገድ ባልደረባ ባልደረባውን እንዲጠብቅ ማሠልጠን ነው። በብሪታንያ የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች ዘንድ የተጀመረና በኋላም ቢቢሲ ለሠራተኞቹ የተጠቀመበት አንድ አሠራር አለ፤ ሐኪም ያልሆኑ፣ ነገር ግን ምልክቶቹን ለይተው እንዲያውቁ የሠለጠኑ ባልደረቦች የተመለሰውን ሰው ከቀናት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከወር ገደማ በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ለብቻው ያነጋግሩታል፤ ምልክቶቹ ከቀለሉ እሰየው፣ ካልቀለሉ ወደ ባለሙያ ይመሩታል። ለአንድ መካከለኛ የዜና ክፍል ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ይበቃሉ፤ አንዱ ከዘጋቢዎች፣ ሌላው ከካሜራ ባለሙያዎች ወይም ከሹፌሮች ቢሆን እመርጣለሁ። አለቃ ግን አይሁን፤ የደረጃ ዕድገትህን ለሚወስን ሰው እንቅልፍ እንዳጣህ መናገር ከባድ ነው።

ወደ ባለሙያ መሄዱም ራሱ በከተማችን ቀላል አይደለም። እኔ ከሁለት ዓመት ማመንታት በኋላ ወደ አንድ የጤና ተቋም ስሄድ፣ ካርድ ክፍል ስሜን ስናገር ካርድ አውጪዋ ቀና ብላ "በሬዲዮ የምሰማዎት ነዎት እንዴ?" አለችኝ፤ በፍቅር ነበር ያለችው፣ ወረፋው ሁሉ ግን ዞሮ አየኝ። ለሁለት ወር አልተመለስኩም። "አማኑኤል" የሚለው የአንድ ሆስፒታል ስም እንኳ እንደ ስድብ በሚነገርበት አገር፣ ድምፁ የሚታወቅ ሰው በአእምሮ ሕክምና በር ላይ ወረፋ እንዲይዝ መጠበቅ የማይሆን ነው። ጎንደር በዚህ ረገድ ዕድለኛ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ክፍል አለው፣ በሆስፒታሉም አገልግሎቱ ይሰጣል፤ ዩኒቨርሲቲው የጋዜጠኝነት ትምህርትም ያስተምራል። በከተማዋ ያሉ የመገናኛ ብዙኃን ቅርንጫፎች ከዚህ ክፍል ጋር የስምምነት ሰነድ ቢፈራረሙ፣ ሠራተኛው ስሙ በዜና ክፍሉ ሳይመዘገብ፣ ከመደበኛው ወረፋ ውጭ በተለየ ሰዓት የሚታይበት መንገድ ሊከፈት ይችላል። የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ዜና ከመጻፍ ጋር ሐዘንተኛን እንዴት እንደሚጠይቁና ከጠየቁ በኋላ ራሳቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ አብረው ቢማሩ፣ እኔ በዳባት የሠራሁትን ሳይሠሩ ሙያውን ይጀምራሉ።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 ስለ አሠሪ ግዴታዎች ሲዘረዝር፣ የሥራው ሂደት ለሠራተኛው ጤንነትና ደኅንነት የአካል፣ የኬሚካልና የመሳሰሉት ጠንቅ እንዳይሆን ሲያዝዝ የሥነ ልቦናውንም ጨምሮ ነው። የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ሠራተኞች በሌላ ሕግ የሚተዳደሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያም ሆኖ የሰው አእምሮ በአሠሪው ዓይነት አይለያይም። ስለዚህ ስምሪት ሲሰጥ ምን ሊታይ እንደሚችል አስቀድሞ መናገር፣ አልችልም ያለ ሠራተኛ በውጤት ምዘናው ነጥብ እንዳይቀነስበት ማድረግ፣ ከክፉ ቦታ የተመለሰን ሰው በማግስቱ ወደ ሌላ ክፉ ቦታ አለመላክ የቸርነት ጉዳይ ተደርጎ መታየት የለበትም። የመኪና ሰርቪስ በየስንት ኪሎ ሜትሩ እንደሚደረግ በዕቅድ ውስጥ ይጻፋል፤ ይህም በዚያው ዕቅድ ውስጥ አንድ መስመር ያግኝ ነው የምለው።

እኔ በመጨረሻ ወደዚያ ጤና ተቋም ተመልሼ ሄጃለሁ። የአእምሮ ጤና ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስላየሁት ነገር አልነበረም፤ "እንቅልፍዎ እንዴት ነው?" ነበር ያለችኝ። ለዚያ ጥያቄ መልስ ስሰጥ ነው ከብዙ ዓመት በኋላ ያለቀስኩት። በየሳምንቱ እየተመላለስኩ በንግግር የሚሰጠውን ሕክምና ለወራት ተከታተልኩ። አጠና ሲራገፍ ዛሬም እደነግጣለሁ፤ ዘንቢሌን ጥዬ ግን አልሮጥም።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ለወጣው ለመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ የተሰጠው ስም "አእምሮ" ነበር። ስሙን ያወጡለት ሰዎች በአእምሮ እውቀትንና ማስተዋልን ማለታቸው እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ደጋግሞ ይመጣብኝ ስለ ነበር ሳልጠቅሰው ማለፍ አልቻልኩም።

ከእርስዎ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ጋዜጣዎ ከጎንደርና ከሌሎችም ከተሞች ዜና የሚልኩለት ወኪሎች እንዳሉት አውቃለሁ። በዚህ ሳምንት እርስዎ ራስዎ ወይም የዜና አርታኢዎ ለእያንዳንዳቸው ስልክ ይደውሉላቸው፤ ስለ ዜና ምንም ሳይጠይቁ እንዴት እንደ ሰነበቱ፣ እንቅልፍ ይተኙ እንደ ሆነ ብቻ ይጠይቋቸው። መጀመሪያ ላይ "ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይሉዎታል፤ ሁላችንም የምንለው ይህንኑ ስለ ሆነ፣ እባክዎ ስልኩን ቶሎ አይዝጉት።

ከከበረ ሰላምታ ጋር

የቀድሞ የሬዲዮ ዘጋቢና የዜና አርታኢ
ጎንደር